ክፍተት የሌለው መዝገብ

ሰፈሩ «እትዬ ሚሊሜትር» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት በውል አይታወቅም፤ እሷ ግን ባሏን ትጠረጥራለች። የአየር ሁኔታ ታዛቢ ናት። መሥሪያ ቤቷ የገዛ ጓሮዋ ነው፤ በሽቦ የታጠረ፣ አሥር እርምጃ በአሥር እርምጃ የሆነ ሣር፣ በመካከሉ የዝናብ መለኪያ፣ ከጎኑ በአራቱም በኩል ፍርግርግ የሆነ ነጭ ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትሮች ተሰቅለዋል። በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ትወጣለች። እንዲህ ስታደርግ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሦስት የእህቷ ልጆች ተድረዋል፤ በሦስቱም ሠርግ ፎቶ ላይ እሷ የለችም። ፎቶ የሚነሡት ጠዋት ነበር።

ታዛቢ ያላነበበው ቀን በመዝገቡ ላይ ሰረዝ ይደረግበታል። ገምቶ መሙላት በሙያው ዘንድ ከስርቆት አይተናነስም። በእሷ መዝገብ ውስጥ አንድም ሰረዝ የለም። ይህን ለሰው የምትናገረው ሳትጠየቅ ነው፤ ባለሱቁ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የጥርስ ሐኪሟ ሁሉም ያውቃሉ። የጥርስ ሐኪሟማ አፏን ከፍታ ተቀምጣ እንኳ በምልክት እንዳስረዳችው ይናገራል።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጠብ አይወድም፣ ነገር አያመላልስም። ከአፉ የማይጠፋው ቃል «ይሁና» ነው። ቤት ውስጥ ዝናብ ቢገባ እንኳ መጀመሪያ «ይሁና» ይልና ነው ባልዲ የሚያመጣው።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣላት፣ ከደብዳቤው ጋር አንድ ታብሌት። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይላል። ከእንግዲህ ማንኛውም ነገር የሚላከው በታብሌቱ ላይ በተጫነው ቅጽ ብቻ ነው፤ በታብሌቱ ላይ ያለውን ሲስተም ማጥፋትም በጥብቅ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በሰው የሚነበቡ ጣቢያዎች በሙሉ በራሱ በሚያነብ መሣሪያ ይተካሉ፤ ሠላሳ ዓመት ያለ አንዳች ክፍተት የተመዘገበባቸው ብቻ ከነታዛቢያቸው ይቀጥላሉ፤ ሙሉ መዝገቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ይላክ። ሚሊሜትር አንብባ ስትጨርስ ሳቀች። ደብዳቤው ስሟን አይጥራ እንጂ ለእሷ የተጻፈ ነበር የመሰላት። ጣቢያው ቢዘጋ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደምትነሣ አታውቅም፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለባሏም ጭምር።

ደስታዋ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ቆየ። የመጀመሪያዎቹ የወረቀት ደብተሮች ከብዙ ዓመት በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ተልከዋል። የት እንዳሉ ጠይቃ «እየተፈለጉ ነው» ተብላለች፤ ይህን ካሏት ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ከመላካቸው በፊት ግን እያንዳንዷን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጣት ገልብጣቸዋለች። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በተባለ ሲስተም ነበር፤ የመዝገቡ ፕሮግራምም የሚያውቀው ሊኑክስን ብቻ ነው። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ጭስ አውጥቶ ዐርፏል። ፋይሉ በፍላሽ ተቀድቶ መሳቢያ ውስጥ አለ። ታብሌቱ ላይ ሰካችው። ታብሌቱ ይህን ዓይነት ፋይል እንደማያውቅ በትሕትና ገለጸላት።

ያን ኮምፒውተር ድሮ ያቆመላት መሐንዲስ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል። ደወለችለት።

«ታብሌቱ ላይ ሊኑክስ ጫኚበታ» አላት።

«ጋሼ፣ የቢሮውን ሲስተም ማጥፋት ክልክል ነው እኮ።»

«ማን አጥፊ አለሽ? ጎኑ ላይ ጫኚዋ። አንዱ በአንዱ ክፍል፣ ሌላው በሌላው ክፍል ይኖራሉ። ታብሌቱ ሲበራ ማንን ልጥራልሽ ብሎ ይጠይቅሻል።»

ስልኩን ዘግታ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስለ ማጥፋት እንጂ ደባል ስለ ማስገባት ምንም አይልም። መልሳ ደወለች። መሐንዲሱ የሚሠራውን ሁሉ ሲነግራት እሷ ቁጥር እየሰጠች ጻፈች፤ ሃያ ሦስት ሆነ። ከዚያ ሁሉንም መልሳ አነበበችለት። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ንቦቹን ትቶ ተቀመጠ መሰለኝ፣ ድምፁ ተለወጠ።

«እዚህ ጋ ዓይንሽን ክፈቺ። ሁለት ምርጫ ይመጣልሻል፤ አንዱ ‹ከነባሩ ጎን ጫን›፣ ሌላው ‹ሁሉንም አጥፍተህ ጫን› ነው። ላይና ታች ናቸው፣ አይራራቁም። ሁለተኛውን ከነካሽ ቢሮው ሄደ፣ ቅጹ ሄደ።»

«ጣቢያዬም ሄደ» አለች ሚሊሜትር፤ ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የሦስት ሰዓቱን ንባብ ላከች፤ ከዚያ የምግብ ጠረጴዛውን አጽድታ ሥራ ጀመረች። ታብሌቱ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። ሊኑክሱ የተቀዳበት አዲሱ ፍላሽም፣ ኪቦርዱም፣ ቻርጀሩም የሚገቡት በዚያችው ነው። ባሏ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አራት አፍ ያለው ማከፋፈያ ገዝቶ መጣ፤ ፍላሹና ኪቦርዱ ገቡ፣ ቻርጀሩ ግን በማከፋፈያው በኩል አላጎርስም አለ። ስለዚህ ባትሪው ባለው ብቻ መጨረስ ነበረበት። የመመልከቻ ደብተሯን ገልጣ፣ በዝናብ አምድ ፋንታ «ባትሪ» የሚል ጽፋ፣ የመጀመሪያውን ንባብ አሰፈረች፤ አራት ሰዓት ከአምስት፣ ስድሳ አንድ ከመቶ።

እስከ ደረጃ ዘጠኝ ድረስ ሁሉም እንደ ተጻፈው ሄደ። የቢሮውን ሲስተም ከሰፊው ቤቱ ግማሹን አስለቀቀችው፤ የይለፍ ቃሉን ከየት አገኘች የሚል ካለ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከታብሌቱ ጀርባ በወረቀት ለጥፎ ልኮታል። በደረጃ አሥር ላይ ከፍላሹ አስነሣችው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ብዙ ጽሑፍ ሮጠ፣ ከዚያ ሥዕል መጣ።

ባሏ አንገቱን አሰገገ። «ተኝቷል» አለ።

«ማን?»

«ሊኑክሱ።»

እውነቱን ነው። ነገሩ ሁሉ በጎኑ ተጋድሟል። ታብሌቱን ብታቆመው እሱም ዞረ፣ ብታጋድመው እንደገና ዞረ፤ ከእሷ ጋር እልህ የተጋባ ይመስላል። በመጨረሻ ባሏ በሁለት እጁ እንደ መሪ ይዞ ቀጥ አድርጎ አቆመላት፤ ወንበሯን ወደ ግራ አዙራ፣ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ጣል አድርጋ ታነብ ጀመር።

ሁለተኛው ጣጣ ከዚህ የባሰ ነበር። ቋንቋ ለመምረጥ ስክሪኑን በጣቷ ብትነካ፣ የነካችው ቀርቶ በሌላኛው ጥግ ያለ የቆሻሻ ቅርጫት ተከፈተ። እንደገና ነካች፤ አሁንም ሌላ ነገር ተከፈተ። ሥዕሉ ሲዞር የጣት ስሜቱ አብሮ አልዞረም። ቀኝ ስትነካ ላይ ነው የሚሰማው፣ ላይ ስትነካ ግራ። ሚሊሜትር ሁለት እጇን ከጠረጴዛው አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ደረጃ አሥራ አራት ትዝ ብሏት ነው።

«ከአሁን ጀምሮ ይህን ነገር ማንም በጣቱ እንዳይነካ» አለች።

«እኔ ይዤዋለሁ እኮ» አለ ባሏ።

«ጠርዙን ያዝ። ስትተነፍስም ቀስ በል።»

«ይሁና» አለ፤ እጁ ግን እዚያው ላይ ደነዘዘ።

በኪቦርዱ ቀስት ብቻ ተጓዙ። ደረጃ አሥራ አራት ደረሰ፤ መሐንዲሱ እንዳለው ላይና ታች ናቸው። ሚሊሜትር ሙያዋ አላስችል አላትና መጀመሪያ ሁለቱንም ምርጫ ከነሰዓቱ ደብተሯ ላይ ገለበጠች። ከዚያ ምልክቱ ከየትኛው ላይ እንዳረፈ አየች። ባሏንም «አንተስ የት ላይ ነው የሚታይህ?» ብላ ጠየቀችው። ባሏ ታብሌቱን ከጀርባው ስለያዘ ምንም አይታየውም፤ ቢሆንም «ላይኛው ላይ» አላት፤ ሰው ሲጨነቅ አይወድም። ላይኛው ላይ ነበር። ተጫነችው።

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ለእሷ ሥራ አይደለም፣ ዕረፍት ነው። በየአሥር ደቂቃው አንገቷን አጋድማ ጮክ ብላ እያነበበች መዘገበች። ጭነት ሃያ፣ ባትሪ አርባ ስምንት። ጭነት ሠላሳ ሦስት፣ ባትሪ አርባ ሁለት። ጭነት ስድሳ ሰባት፣ ባትሪ ሠላሳ አንድ። ጭነት ስድሳ ሰባት፣ ባትሪ ሃያ ስድስት። ጭነት ስድሳ ሰባት፣ ባትሪ ሃያ አንድ።

«ቆሟል» አለ ባሏ፤ አሁን ክንዱም ደንዝዟል።

«አልቆመም። አልተለወጠም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የቆመ ነገር ቆምኩ ይላል።»

ባትሪው አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ጭነቱ በአንድ ጊዜ ዘጠና ሆነ፤ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ አለቀ። ቻርጀሩን የሰካችበት ፍጥነት በሰከንድ እንኳ አይለካም። ታብሌቱ ጠፍቶ በራ፤ ሁለት ስም በተርታ ይዞ መጣ። የቢሮውን መረጠች። ተከፈተ፤ ቅጹ እንዳለ ነው። ባሏ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ክንዱን ማሸት ጀመረ።

ሚሊሜትር ግን ደሟ ፈላ። የቢሮው ሲስተም ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ቤቱ ተከፍሎ ሲወሰድበት ዝም ያለ ሲስተም፣ ደባሉ ሰዓቱን እንደ ራሱ ልማድ አስተካክሎበት አሁን ጠዋት ነው ይላል። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። ለእሷ ግን ሰዓት ያለ ቦታው ከሚገኝ ሲስተሙ ራሱ ቢሞት ይሻል ነበር። ለመሐንዲሱ ደወለች፣ ሊኑክሱ ውስጥ የምትጻፍ አንዲት መስመር ሰጣት፣ ጻፈች፣ ሰዓቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያንንም በደብተሯ «ደረጃ ሃያ አራት» ብላ መዘገበችው።

ከምሳ በኋላ የፕሮግራሙን አዲስ ቅጂ በሊኑክሱ ላይ ጭና የመዝገቡን ፍላሽ ሰካች። ተከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቀን በቀን፣ መስመር በመስመር። ባሏን ጠርታ አሳየችው፤ እሱም አንገቱን አጋድሞ አየ። እዚህ ላይ ፋይሉን ለቢሮው በሚሆን መልክ ቀይራ ብትልከው ነገሩ አልቆ ነበር። ግን አዲሱ ፕሮግራም አሮጌው ያልነበረው «ፍተሻ» የሚባል ነገር አለው፤ አጠራጣሪ ቁጥር ካገኘ ቢጫ ይቀባዋል። ደብዳቤው ይህን አልጠየቀም። እሷ ያዘዘችው ለኩራት ነው፤ አንድም ቢጫ የሌለበት ሠላሳ አንድ ዓመት በዓይኗ ለማየት።

አሥራ አንድ ቢጫ መጣ። ተከታትለው የተቀመጡ አሥራ አንድ ቀናት ናቸው፤ ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ በክረምቱ መካከል።

ቀኖቹን ወዲያው አወቀቻቸው። ተስቦ ይዟት ሆስፒታል የተኛችባቸው ናቸው። ሆስፒታሉ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነበር፤ ያስተኟትም ጠያቂ በማይገባበት ክፍል ነው። ልትሄድ ስትል ባሏን «መለኪያውን አደራ፤ እኔን ለማየት ብለህ አንድ ቀን እንዳታጎድል» አለችው። እሱም «ይሁና» አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሊወስዳት መጣ። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ መለኪያው ነው። ቤት ሲገቡ የሞላውን ደብተር ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ባሏ አንድ ቀን እንዳላጎደለ ለስንቱ ሰው አውርታለች። አንዳንድ ጊዜ ግን፣ ራሷን ሲያማት ወይም ሲከፋት፣ አንድ ቀን እንኳ በመስኮት ብቅ ብሎ ቢያየኝ ምን ነበረበት ትል ነበር። ያዘዘችው ራሷ ስለሆነች ቅሬታዋን ዋጥ አድርጋ ኖረች።

ቢጫዎቹን ወደ ታች አነበበቻቸው። ዝናብ፤ ሰባት፣ ዜሮ፣ አሥራ ሁለት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አንዱም ከነጥብ በኋላ ቁጥር የለውም። ድሮ ስትገለብጣቸው የሾፌር ዓይን ስለሆነ አጠጋግቶት ነው ብላ አልፋው ነበር። አሁን በተርታ ቢጫ ተቀብተው ስታያቸው ሌላ ነገር ታያት። ባሏ በዚያ ዘመን የሰባት ቁጥርንና የአሥራ ሁለት ቁጥርን መስመር እያፈራረቀ ይነዳ ነበር። ዜሮው የዕረፍት ቀኑ መሆን አለበት።

«አንተ» አለችው።

«አቤት።» የቻርጀሩን ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

«ያኔ ሆስፒታል ሳለሁ መለኪያውን አንብበሃል?»

ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ። «አላነበብኩም» አለ።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል።»

«ማን ታሞ?»

ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ነሻ።»

እሱ ሰው ሲጠይቀው እንጂ በራሱ የሚያወራ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ሳይጠየቅ ጥቂት ጨመረ። ለአለቃው ታመምኩ ብሎ ነው የሄደው። ወደ ክፍሉ አያስገቡም ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ እዚያ ዋለ፣ እዚያ አደረ። ጠዋት ጠዋት አንዲት ነርስ ወጥታ ትኩሳቷ ስንት እንደሆነ ትነግረው ነበር። ይዞት የሄደውን ደብተር የሞላው ሸሚዝ ለውጦ ሊያስወጣት በተዘጋጀበት ጠዋት፣ እዚያው ወንበር ላይ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መለኪያውን ነው የጠየቅሽኝ። ደህና ነው አልኩሽ። ደህና ነበር፣ ማንም አልነካውም።»

ተናደደች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በየሱቁ፣ በየሰው ቤት፣ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሳይቀር ስትዋሽ ኖራለች፤ ያዋሻት ደግሞ የጠቀለለውን ገመድ ይዞ ማዶ ተቀምጧል። ይህን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከንዴቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ደስታ ነው። መዝገቧ ተበላሽቶ፣ ጣቢያዋ በእጇ ላይ እየጠፋ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው እንደነበራት በማወቋ ደስ ብሏታል። በዚህም አፈረች፤ አፏን መልሳ ዘጋችው።

«እንዳለ ላኪው» አላት ባሏ ቀስ ብሎ። «የኔ ጥፋት ነው። ሃያ አራት ዓመት ያላየው ሰው ዛሬ አያየውም።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«ጣቢያው ይዘጋል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

አሥራ አንዱን ቁጥር አንድ በአንድ ደመሰሰች፤ በየቦታቸው ሰረዝ አስገባች። እያንዳንዷን ሰረዝ ስታስገባ ቀኑን ጮክ ብላ አነበበች፤ ልማዷ ነው። ፋይሉን ለቢሮው በሚሆን መልክ ቀይራ፣ ፍላሹ ላይ አድርጋ ታብሌቱን አጥፍታ አበራች፣ የቢሮውን መረጠች፣ ቅጹን ከፈተች። ፋይሉ ገባ። ቅጹ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ መዝገቡ ክፍተት አለው ወይስ የለውም? ይህኛው ስክሪን ጣት በደንብ ይሰማል። «አለው» የሚለውን ነካች።

መልሱ ወዲያው መጣ። መረጃዎ ደርሶናል፤ ጣቢያዎ ከሚተኩት ውስጥ ተመድቧል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ሚሊሜትር አነበበችው፣ ሰዓቱን አየች፣ ደብተሯ ላይ አሰፈረችው። ከዚያ አለቀሰች። ድምፅ አላወጣችም፤ ባሏም እንዳላየ ሆኖ አልቆየም፤ ወንበሩን አንሥቶ ከእሷ ጎን አምጥቶ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይታ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ነርሷ የነገረችህን ታስታውሰዋለህ?» አለችው።

«ትኩሳቱን?»

«እ።»

«አስታውሳለሁ።»

እስክሪብቶዋን አነሣች። «የመጀመሪያው ቀን ስንት ነበር?»

«አርባ ነጥብ አንድ» አለ። አላመነታም። «ሁለተኛው ቀን አርባ ነጥብ ሦስት። ሦስተኛው አርባ ነጥብ ሦስት። አራተኛው ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ፤ ነርሷ ደስ ብሏት ነበር፣ እኔ ግን አላመንኳትም፤ አምስተኛው ቀን አርባ ነጥብ አራት ሆነ።»

እሷ እየጻፈች ነው። እሱ ጠረጴዛውን እያየ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ አንዱንም ሳያጠጋጋ ቀጠለ። አሥራ አንደኛው ላይ ደረሰ።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት» አለ። «ያን ቀን ጢሜን ተላጨሁ።»